ትኬቱ ስክሪንሹቱ አይደለም፦ ከወሎ ሆኖ የኮንሰርት መግቢያ ለሚቆርጥ

ለቦሌ ነዋሪ ከኮንሰርት በር መመለስ ማለት ታክሲ ይዞ ቤቱ መግባት ነው። ከደሴ ለመጣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የአውቶቡስ ወይም ከኮምቦልቻ የአውሮፕላን ዋጋ፣ የአንድና የሁለት ሌሊት አልጋ፣ ከሥራ የተለመነ ፈቃድ አለበት። ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚሌኒየም አዳራሽ በር ላይ የቆመው ልጅ ስልኩን አስጠግቶ «በዚህ ኮድ ሰው ገብቷል» ካለው፣ ኪሳራው የመግቢያው ዋጋ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ የቅድመ ሽያጭ ደንብና ወረቀት አልባ መግቢያ ከአዲስ አበቤው ይልቅ የወሎን ሰው ይመለከተዋል። አምባሰልና ባቲ ለሚባሉት ቅኝቶች ስም የሰጠ አገር ልጅ አምባሰል በትልቅ መድረክ ለመስማት ሸገር ድረስ መውረዱ ራሱን የቻለ ትዝብት ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ጉዳዩ አገር ውስጥም አይቀርም። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ዘመድ የሌለው የወሎ ቤት ጥቂት ነው። እህት ከዱባይ ለወንድሟ የአዲስ አበባ ትኬት ትገዛለች፤ ወንድም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ጂዳ ላለ ጓደኛው ወረፋ ይጠብቃል። ከፋዩ አንድ፣ በበሩ የሚገባው ሌላ፣ ስልክ ቁጥሩ የሦስተኛ ሰው ይሆናል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ወረቀት ትኬት የያዘው ሰው ነበር። ኪስህ ከገባ ያንተ ነው፤ ከጠፋብህ ያገኘው ይገባበታል። አሁን ግን ትኬቱ የሚኖረው በሻጩ ሲስተም ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ላይ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ደረጃው፣ የገዢው ስልክ ወይም ኢሜይል፣ በመጨረሻም «አልገባም» ወይም «ገብቷል» የሚል ምልክት አለ። ስልክህ ላይ የምታየው ኪውአር ኮድ ወደዚያ መስመር የሚመራ አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻውን መቶ ጊዜ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ መስመሩ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ የተነበበው ይገባል፣ ቀሪው 99 ቀይ ያበራል። በሩ ላይ ያለው ልጅ ማን ቀድሞ እንደከፈለ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው መስመሩ መዘጋቱን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቅድመ ሽያጭ ሲባል

በእኛ አገር ቅድመ ሽያጭ ማለት በአብዛኛው የዋጋ ደረጃ ነው፤ ቀድሞ የገዛ በርካሽ ይገባል፣ በር ላይ የደረሰ ተጨማሪ ይከፍላል። ፖስተሩ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጻፋሉ። አንዱ በቀን የሚያበቃ ነው፦ እስከዚህ ቀን ድረስ ይህ ዋጋ ይባላል። ሌላው በብዛት የሚያበቃ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ይህን ያህል ሰዎች ይባላል፤ ቁጥሩ ከሞላ የቀኑ ነገር ከንቱ ነው። ፖስተሩ ላይ ሁለቱም ካሉ ቀድሞ የሚደርሰው ይሠራል ብሎ መያዝ ይሻላል። «ገና አራት ቀን አለ» ብሎ የተዘናጋ ሰው ወደ ሁለተኛው ዋጋ የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ማየት ያለብህ ደረጃው ምን እንደያዘ ነው። መደበኛ፣ ቪአይፒ፣ ቪቪአይፒ የሚሉት ስሞች ወጥ ትርጉም የላቸውም፤ አንዱ ጋ ቪአይፒ ወንበርና የተለየ በር ነው፣ ሌላው ጋ ከመድረኩ ፊት የታጠረ ባዶ ሜዳ ነው። በጠረጴዛ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ ኮዱ ስንት ነው የሚለው ነው። ለስድስት ሰው ጠረጴዛ ስድስት ኮድ ከተሰጠ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይደርሳል። አንድ ኮድ ብቻ ከሆነ ግን ስድስታችሁም አብራችሁ በር ላይ መቆም አለባችሁ፤ ኮዱን የያዘው ቀድሞ ከገባ አምስቱ ውጭ ናቸው።

ውጭ አገር ቅድመ ሽያጭ ዋጋን ሳይሆን ተራን ይመለከታል። ከመደበኛው ሽያጭ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ በሩ ይከፈታል። እነማን እንደሆኑ እንደ ዝግጅቱ ይለያያል፦ የአርቲስቱ ኢሜይል ዝርዝር ላይ የተመዘገቡ፣ የአንድ ባንክ ካርድ ያላቸው፣ የአዳራሹ አባላት፣ የአንድ ስልክ ኩባንያ ደንበኞች። እንግሊዝ አገር ኦቱ የሚባለው የስልክ ኩባንያ ለደንበኞቹ ከመደበኛው ሽያጭ 48 ሰዓት በፊት የሚከፍተው ሽያጭ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። የተመረጠ ሰው ኮድ ይላክለታል። ኮዱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ የአንድ አካውንት ብቻ የሆነም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ለወንድምህ ብትልክለት አይሠራለትም። ኮዱ የመጣበት ኢሜይልና የምትገዛበት አካውንት አንድ መሆን አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮዱን እንደ ወንበር ሲቆጥረው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ትኬት ሻጩ ኩባንያ ቲኬትማስተር ለዘፋኟ ቴይለር ስዊፍት የአሜሪካ ዙር ቅድመ ሽያጭ ሲከፍት 3.5 ሚሊዮን ሰው ቀድሞ ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ቀን 2 ሚሊዮን ያህል ትኬት ተሸጠ፣ ሲስተሙ 3.5 ቢሊዮን ጥያቄ ጎረፈበት፣ ኮድ የነበራቸው ብዙ ሰዎች ሰዓታት ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሊደረግ የነበረው መደበኛ ሽያጭም ተሰረዘ። ኮድ የመሰለፍ መብት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በተቃራኒው በቅድመ ሽያጭ ያላገኘ ሰው ሁሉ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ለቅድመ ሽያጭ የሚወጣው ከጠቅላላው ወንበር የተወሰነው ክፍል ነው፤ ለካሜራ፣ ለድምፅ መሣሪያና ለእንግዶች ተይዞ የቆየ ወንበርም መድረኩ ከተተከለ በኋላ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ ሽያጭ ይመለሳል።

ተራ መያዙ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት የመጠበቂያ ገጽ ይከፈታል። ብዙዎቹ ሲስተሞች ሰዓቱ ሲደርስ በመጠበቂያው ውስጥ ላሉት ሁሉ ቦታ የሚሰጡት በዕጣ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የገባውና ከአምስት ደቂቃ በፊት የገባው እኩል ናቸው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የደረሰ ግን ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል። ስለዚህ ሌሊት መነሳት አያስፈልግም፤ 10 ደቂቃ ቀድሞ መግባት ይበቃል፣ አንድ ደቂቃ ማርፈድ ግን ያስከፍላል። ተራ ከያዝክ በኋላ ገጹን ሪፍሬሽ አታድርግ፤ ቦታህን ልታጣ ትችላለህ። በአንድ አካውንት ሦስት ገጽ መክፈት ወይም ቪፒኤን ማብራት ሲስተሙ ሮቦት ነህ ብሎ እንዲጠረጥርህ ያደርጋል። እኛ አገር ቪፒኤን ሳያጠፉ መዋል የተለመደ ስለሆነ ይህን ደጋግሞ ማሰብ ነው። ተራህ ደርሶ ወንበር ስትመርጥ ደግሞ ወንበሩ የሚያዝልህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ «ቆይ ሚስቴን ላማክር» ያለ ሰው ሲመለስ ወንበሩ ተሸጧል። የትኛውን ደረጃ፣ ስንት፣ እስከ ስንት ብር የሚለው ቀድሞ ተመክሮበት የሚገባ ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

ይህን ቀላል ነገር አሳንሶ ማየት አይገባም። ፖስተሩ በአማርኛ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ይላል፣ አፑ 10:00 ይላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን አዘጋጁ ራሱ አፑ ላይ ሲመዘግብ 4:00 ብሎ ጽፎት ከሆነ ሽያጩ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተከፍቶ ሊያድር ይችላል። የፖስተሩና የአፑ ሰዓት በትክክል 6 ሰዓት የማይለያዩ ከሆነ ደውሎ መጠየቅ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ 12 እና 13 ላይ የሚደረግ ዝግጅት የኢትዮጵያ ቀን ይሁን የፈረንጅ ከወሩ ስም ጋር ካልታየ መንገደኛ አውቶቡሱን በተሳሳተ ቀን ይቆርጣል።

ለውጭው ደግሞ ስሌቱ ይህ ነው። ሳዑዲ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ እዚያ ቀትር ላይ የሚከፈት ሽያጭ ደሴ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ግን ሁለት መልክ አላት። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያው እሑድ 7 ሰዓት፣ በቀረው ወቅት 8 ሰዓት ትዘገያለች። እዚያ ከጠዋቱ 10:00 የሚጀምር ሽያጭ በበጋቸው እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ለዘመድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓት አርፍዶ የሚገባው በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ነው።

ሌላ የእኛ ብቻ የሆነ ጣጣ አለ። አንዳንድ ሰው ስልኩ የአበሻ ሰዓት እንዲያሳይለት ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። ለቀጠሮ ይመቻል፣ ለትኬት ግን ጠላት ነው። በየጥቂት ሰኮንዱ የሚለዋወጡ ኮዶች የሚሰሉት ከስልኩ ሰዓት ስለሆነ፣ ስልኩ 6 ሰዓት ከዋሸ ኮዱም ሊዋሽ ይችላል። ከመግዛትም ከመግባትም በፊት የስልኩን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የአበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው መጫን ይቻላል።

ክፍያውና ስሙ

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገር ውስጥ ትኬት ከወሎ መግዛት ቀላል ሆኗል፤ ቀድሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሱቅ ልኮ ማስያዝ ግድ ነበር። የሚበላሸው ነገር ግን አለ። በጣም የተለመደው ብሩ ተቆርጦ ትኬቱ ያለመምጣቱ ነው። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፦ የክፍያው ሲስተምና የትኬቱ ሲስተም ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ የመጀመሪያው «ተከፍሏል» ብሎ ለሁለተኛው የሚልከው መልእክት በኔትወርክ መቆራረጥ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ወዲያው ደግሞ መክፈል ትልቁ ስህተት ነው፤ ሁለቱም ሊመዘገቡ ይችላሉ። መጀመሪያ የግብይት ታሪክህን እይ። ከ127 የመጣልህን መልእክት አታጥፋ፤ በውስጡ ያለው የግብይት ቁጥር፣ የከፈልክበት ሰዓትና መጠን፣ የከፈለው ስልክ፣ እነዚህ አራቱ ተጽፈው ለሻጩ ይላካሉ። የስክሪን ፎቶ ብቻ መላክ ብዙ አይጠቅምም፤ የውሸት የክፍያ ፎቶ መሥራት ቀላል ስለሆነ ጠንቃቃ ሻጭ የሚያምነው በራሱ ሲስተም የሚፈልገውን ቁጥር ነው።

ክፍያው የሚሄድበትን ስም ማየት ልማድ ይሁን። ከማረጋገጫው በፊት ስልኩ የተቀባዩን ስም ያሳያል። የድርጅት ስም ሲጠበቅ የግለሰብ ስም ከመጣ ማቆም ነው። ፒን ወይም በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ የትኬት ሻጭ ደግሞ የትኬት ሻጭ አይደለም።

ለውጭ ዝግጅት ግን የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ በአብዛኛው አይሠራም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ዘመድ በራሱ ካርድ ይከፍላል። ከፋዩ ባንኩ የሚልክለትን ማረጋገጫ ቁጥር በዚያው ቅጽበት ማስገባት ስላለበት፣ ደሴ ያለው ሰው ተራ ይዞ ጂዳ ያለው ሰው ሥራ ላይ ከሆነ የተያዘው ወንበር ጊዜው አልፎበት ይመለሳል። ከፋዩ ራሱ ወረፋውን ቢይዝ ይመረጣል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። የውጭ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይላል። በወሎ ደግሞ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ የሚባለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግማሽ ደርዘን መልክ አለው፤ ሐሰን፣ ሁሴንና ዘይነብም ከዚህ አያመልጡም። ገቢው ማን እንደሆነ በር ላይ የሚመሳከርበት ዝግጅት አለ፤ ለምሳሌ የእንግሊዙ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ገዢው አስቀድሞ ከነፎቶው የሚመዘገብበት፣ ትኬቱም ለሌላ የማይተላለፍበት ነው፤ በእንዲህ ያለው ላይ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል መገልበጥ ብቻ ነው። «እኔን በዚህ ነው የሚያውቁኝ» ማለት በር ላይ አይሠራም።

ኮዱና በሩ

ኮዱ ሁለት ዓይነት ነው፣ የትኛው እንደደረሰህ ማወቅ አለብህ። አንደኛው የማይለወጥ ነው፦ ሲገዛ አንዴ ይፈጠራል፣ እስኪገባበት ድረስ ያው ነው። የአገራችን ዝግጅቶች በአብዛኛው፣ የዳያስፖራው ዝግጅቶች የሚሸጡበት ኢቨንትብራይትም እንዲሁ ይህን ይጠቀማሉ። ይህ ሊታተም ይችላል። የቁልፍ ስልክ ለያዘች እናት ኮፒ ቤት ወስዶ በጥቁርና ነጭ ማተም ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው፤ ኮዱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ጎን ባያንስ፣ እጥፋቱም ኮዱ ላይ ባያርፍ። ፋይሉን ግን ከኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተርና ከቴሌግራማቸው አስጠፍቶ መውጣት ነው፤ ኮዱን የያዘ ሁሉ ቀድሞ መግባት ይችላል።

ሁለተኛው የሚለዋወጥ ነው። ቲኬትማስተር ሴፍቲክስ የሚለው ኮድ በየ15 ሰኮንዱ ይታደሳል። እዚህ ላይ ስክሪንሹት ዋጋ የለውም፤ ፎቶው ዘመድህ ጋ ሲደርስ ኮዱ አርጅቷል። ማተምም አይቻልም። አማራጩ ሁለት ነው፦ ራሱ አካውንቱ የገባበት ስልክ በር ላይ መገኘት፣ ወይም በአፑ ውስጥ «አስተላልፍ» በሚለው በኩል ትኬቱን ወደሚገባው ሰው አካውንት ማሻገር። አፑን በር ላይ ለመክፈት መሞከር ደግሞ የሚያስቀጣ ልማድ ነው። አምስት ሺህ ስልክ በአንድ የኔትወርክ ማማ ላይ ሲረባረብ ዳታ ይጠፋል። ከቤት ወይም ከሆቴል ሳትወጣ ክፈተው፣ ወደ ስልኩ ዋሌት (የትኬትና የካርድ ማስቀመጫው) አስገባው፣ ከዚያ ዳታውን አጥፍተህ ይከፈት እንደሆን ሞክረው።

ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳይነበብ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ማለት ቀዳሚው ነው፤ ወደ ጫፍ አድርሰው። ስልኩ ጥቁር ገጽታ ላይ ከሆነና ኮዱ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ከወጣ አንዳንድ ማንበቢያ አያውቀውም። ኪውአር ዙሪያውን ቢያንስ በአራት ነጥቦቹ ስፋት ነጭ ክፍተት ይፈልጋል፤ ለቴሌግራም ብሎ ጥግ ድረስ የቆረጠው ሰው ይህን ክፍተት ጥሎታል። የተሰነጠቀ ስክሪን ግን እንደሚፈራው አይደለም፦ ኮዱ እንደ ተሠራበት የጥንካሬ ደረጃ ከ7 እስከ 30 በመቶ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ትላልቅ አራት ማዕዘኖች ከተሸፈኑ ግን አይነበብም። ቀጭኑ ስንጥቅ አያስፈራ፣ ጥግ ላይ የፈሰሰው ቀለም ያስፈራል።

አንድ ሰው በስልኩ አራት ትኬት ይዞ ሲመጣ የሚፈጠር ነገር አለ። የመጀመሪያው ኮድ ይነበባል፣ አረንጓዴ። ሁለተኛው ሰው ይቀርባል፣ ስልኩ ላይ ግን ገጹ አልተገለበጠም፤ ያው ኮድ ዳግም ይነበብና ቀይ ይበራል። ፈታሹ «ውሸት ነው» ይላል፣ ኋላ ያለው ሰልፍ ይጮኻል፣ ጸብ ይነሳል። መፍትሔው ጣትን ወደ ጎን መጎተት ብቻ ነበር። «ከአራቱ 2ኛው» የሚለውን ጽሑፍ ለፈታሹ እያሳዩ መገልበጥ ይህን ያስቀራል። አንዴ ከገቡ በኋላ ወጥቶ መመለስም እንዲሁ፤ መስመሩ ተዘግቷል፣ የእጅ ማሰሪያ ካልተሰጠህ ሲጋራ ልግዛ ብለህ ብትወጣ አትመለስም።

ከሰው መግዛት

ቴሌግራም ላይ «ሁለት ቪአይፒ አለኝ፣ ሳልሄድ ቀረሁ» የሚል ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ኮዱ የማይለወጥ ሆኖ በፎቶ ብቻ የሚሸጥልህ ከሆነ ግን የምትገዛው እምነት ነው። ትኬቱ እውነተኛ ሊሆን፣ ለአምስት ሰው ሊሸጥም ይችላል፤ ከአምስቱ ቀድሞ የደረሰው ይገባል። ከወሎ የሚመጣ መንገደኛ ሆቴል ገብቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ስለሚደርስ ብዙ ጊዜ ቀዳሚው አይደለም። ሻጩን በአፑ በኩል ወደ ቁጥርህ እንዲያስተላልፍልህ ጠይቅ፤ ሲተላለፍ አሮጌው ኮድ ይሞታል፣ አዲስ ይወለዳል። አፑ ማስተላለፍ ከሌለው አዘጋጁ ስም ይቀይር እንደሆን ጠይቅ። እሱም ካልሆነ ከሻጩ ጋር በር ላይ ተገናኝቶ ኮዱ አረንጓዴ ሲበራ መክፈል ነው። የራስህን ትኬት ደስ ብሎህ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፍም ኮዱን ሸፍን።

ማስተላለፍ ያለበትም ዝግጅት ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዱ በሩ ሊከፈት ጥቂት ቀን እስኪቀር ድረስ የማስተላለፊያውን ቁልፍ ይዘጋዋል። ትኬቱ አሁን የማይላከው ተጭበርብሮ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ከመጣላት በፊት ደንቡን ማንበብ ይገባል።

በራሳችን ከተሞች ለሚያዘጋጁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ የሚያዘጋጅ ሰው የአዲስ አበባን አሠራር እንዳለ ቢገለብጥ ይወድቃል። ምክንያቱ ኔትወርክና መብራት ነው። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የቆመ በር እንዴት ያለ አደጋ እንደሆነ ያውቃል። የተሸጡት ትኬቶች ዝርዝር ቀድሞ ወደ ማንበቢያ ስልኮቹ መውረድ አለበት። ግን ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፦ ሁለት ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ሲሠሩ አንዱ ያስገባውን ሌላው ስለማያውቅ አንድ ኮድ በሁለት በር ይገባል። ለዚህ ወጪ የማይጠይቀው መላ ዝርዝሩን በበር መክፈል ነው፤ ቪአይፒው በአንድ በር ብቻ፣ መደበኛው በሌላ ብቻ፣ ኮዱም በአንዱ ስልክ ላይ ብቻ ይገኝ። በትዕዛዝ ቁጥር የተደረደረ የታተመ ዝርዝር ለክፉ ቀን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ሒሳቡም መታየት አለበት። አንድ ሰው ለማንበብ 6 ሰኮንድ ቢወስድ አንድ ስልክ በሰዓት 600 ሰው ያስገባል። 3 ሺህ ሰው በሁለት ስልክ ለማስገባት ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ አካል ፍተሻው እዚያው ከተደረገ ደግሞ በእጥፍ ይጨምራል። ፍተሻው ቀድሞ፣ ኮዱ ከፍተሻው 10 ሜትር አልፎ ቢሆን ሁለቱ አይተናነቁም። ጥር 2009 የተመረቀው 25 ሺህ ሰው የሚይዘው የወልድያ ስታዲየም ዓይነት ቦታ ላይ ደግሞ በሁለት ስልክ መጀመር ሕዝብን አጥር ላይ ማስወጣት ነው።

ሲሰረዝ

ተራዘመና ተሰረዘ አንድ አይደሉም። ሲራዘም ትኬቱ ለአዲሱ ቀን ይሠራል፣ ገንዘብ ለሚፈልግ ብዙ ጊዜ አጭር የመጠየቂያ ጊዜ ይሰጣል። ከሩቅ የመጣ ሰው ይህን ቀን ካሳለፈው በመርሕ ደረጃ አዲሱን ቀን ተቀብሏል ማለት ነው። አውቶቡስና አልጋ በአዘጋጁ አይመለስም፤ ስለዚህ ሊሰረዝ የሚችል አልጋ መያዝ ጥቂት ብር ቢጨምርም ያዋጣል። ቅሬታ ሲኖር የሸማቾች ጥበቃ ድንጋጌ ያለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ከወረቀት ውጭ የተደረገ ግብይት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል፤ ስለዚህ «ደረሰኝ የለህም» ለሚል ሻጭ በስልክ የደረሰህ የክፍያ መልእክት ማስረጃህ ነው።

ተመላሽ ብር የሚሄደው ደግሞ ወደ ከፈለበት ነው። ዱባይ ያለችው እህት በካርዷ ከከፈለች ወደ ካርዷ፣ በጓደኛ ቴሌብር ከተከፈለ ወደ ጓደኛ ቴሌብር ይመለሳል። ከሁለተኛ ሰው የገዛህ ከሆነ ብሩ የሚመለሰው ለመጀመሪያው ገዢ ነው፣ ምንም እንኳ ትኬቱ አሁን በስምህ ቢሆን። ስለዚህ ከሰው ስትገዛ የትዕዛዝ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ከተሰረዘ ብሩን እመልሳለሁ» የሚል አንድ መስመር በጽሑፍ መልእክት ተቀበል፤ ቁጥሩንም ዝግጅቱ እስኪያልፍ አታጥፋ።